«ደህና ነኝ» ያለው ታካሚ፣ የእቁቡ ገንዘብና ሌሎች የሜዲኬይድ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የአካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው የላኳቸው ናቸው። ሜዲኬይድ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን ነው፤ ኤስኤስአይ ደግሞ ሶሻል ሴኪዩሪቲ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የዶላር ልኮቹ የ2026 ናቸው፤ የሌላ ዓመት የሆነውን ለይተን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 53 ዓመቱ ነው። 11 ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቷል። ወገቡን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ መሥራት አልቻለም። ሐኪሙ ይህንኑ ጽፎለት እያለ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ኤስኤስአይ ከለከለው። የሐኪም ደብዳቤ ካልበቃ ምን ይበቃል? ሜዲኬይድስ ቀረበት ማለት ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ። ይግባኝ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ለፖስታ 5 ቀን ይታሰብለታል። ብዙ ሰው ይግባኙን ትቶ እንደ አዲስ ያመለክታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ይጠፋል፣ አብሮትም የኋላ ክፍያ (ጉዳዩ እስኪወሰን የተጠራቀመው ገንዘብ) ይሄዳል። ጠበቃ በቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቅም። ካሸነፈ ከኋላ ክፍያው 25 በመቶ ይወስዳል፤ ጣሪያው 9,200 ዶላር ነው።

ሐኪሙ «መሥራት አይችልም» ብሎ መጻፉ አይጎዳም፤ ግን ውሳኔው የእሱ ስላልሆነ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ አትመዝንም። መሥሪያ ቤቱ የሚመረምረው የበሽታውን ስም አይደለም። ጉዳቱ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆኑን፣ ሰውየውንም በወር ከ1,690 ዶላር በላይ ከሚያስገኝ ሥራ ማገዱን ነው። ስለዚህ ከሐኪሙ የሚፈለገው በቁጥር የሚናገር ደብዳቤ ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ስንት ደቂቃ ይቆማል፣ ስንት ፓውንድ ያነሣል፣ ሕመሙ በወር ስንት ቀን ከሥራ ያስቀረዋል። 10 ፓውንድ ብቻ የሚያነሣ ሰው ተቀምጦ ለሚሠራ ሥራ ይመደባል፤ 20 ፓውንድ የሚያነሣ ለቀላል ሥራ። በወንድምዎ ዕድሜ ይህ ልዩነት ጉዳዩን ሊወስን ይችላል። 50 ዓመት የሞላው ሰው ተቀምጦ ከሚሠራ ሥራ በላይ እንደማይችል ከተረጋገጠና ወደዚያ ሥራ ይዞት የሚሄደው ሙያ ከሌለው፣ ደንቡ በአብዛኛው ወደ እሱ ያደላል። እንግሊዝኛ አለመቻል ግን ከ2020 ወዲህ በዚህ ስሌት አይቆጠርም።

አሁን የእኛ ሰው ፋይል የሚበላሽበት ቦታ። ሐኪሙ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ይላል። ታካሚው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ለእኛ ሰላምታ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን «ታካሚው ደህና እንደሆነ ተናግሯል» ተብሎ ይገባል፤ ከስድስት ወር በኋላ መርማሪው የሚያነበው ይህንን ነው። ሰላምታውን ይመልስ፤ ቀጥሎ ግን «ዛሬ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሕመም ቀስቅሶኛል፣ ካልሲ የምታጠልቅልኝ ባለቤቴ ናት» ይበል። የዕለት ኑሮን የሚጠይቀው ቅጽም እንዲሁ ነው። «ምግብ ታበስላለህ?» ለሚለው «አዎ» ብሎ ማለፍ ራስን መክሰስ ነው። «እንቁላል እጠብሳለሁ፤ 10 ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ መቀመጥ አለብኝ፤ ድስት አላነሣም» ብሎ መጻፍ እውነቱን ሙሉ ያደርገዋል። መሥሪያ ቤቱ በሚያዝዘው ምርመራ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ ቀጠሮው ሲያዝ ይጠይቁ። ልጅን ለአስተርጓሚነት ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ልጅ የአባቱን ሕመም ያለሳልሳል።

አስራ አንድ ዓመት ግብር እየከፈለ ከሠራና ሥራ ካቆመ ብዙ ካልቆየ ለኤስኤስዲአይም (ሠርቶ ግብር ለከፈለ ሰው የሚሰጥ የአካል ጉዳት ክፍያ) ሊበቃ ስለሚችል ሁለቱንም አብሮ ይጠይቅ። የኤስኤስዲአይ ሰው ሜዲኬር (የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ) የሚያገኘው የክፍያ መብቱ ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ነው፤ መካከሉን የሚሸፍነው ሜዲኬይድ ነው።

ሜዲኬይድ ግን አልቀረበትም። በዲሲ ከ65 ዓመት በታች የሆነና ሜዲኬር የሌለው ጎልማሳ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 138 በመቶ ካልበለጠ (በ2025 መለኪያ ለአንድ ሰው በዓመት 21,597 ዶላር ገደማ) የአካል ጉዳቱን ሳያስረዳ ይገባል። የባንክ ሂሳቡም አይጠየቅም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛትም ይህ በር አላቸው፤ ቴክሳስ የለውም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በዚህ በር የገቡ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መሰል ተግባር መፈጸማቸውን እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። በሕመም ወይም በጉዳት የማይችል ነፃ ነው፤ ሆኖም ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ስለሚያስፈልገው በቁጥር የሚናገረው ደብዳቤ እዚህም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይሠራም። ኤስኤስአይ ጸደቀለት፣ ገንዘቡም ገባ። ሆስፒታል ስንሄድ «ኢንሹራንስ የለውም» አሉን። ኤስኤስአይ ያለው ሰው ሜዲኬይድ አብሮ ይመጣለታል ሲባል ሰምቼ ነበር። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ወንዙን ማዶ። በሜሪላንድና በዲሲ ኤስኤስአይ የጸደቀለት ሰው ሜዲኬይድ ያለ ሌላ ማመልከቻ ይከፈትለታል። ቨርጂኒያ ግን የራሷን መስፈርት ከጠበቁ ጥቂት ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ለብቻው ማመልከት ግድ ነው። ሚኒሶታም እንዲሁ ናት። በከተማችሁ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ፣ በካቨር ቨርጂኒያ ስልክ ወይም በኮመንሄልፕ ድረ ገጽ ያመልክቱ፤ የኤስኤስአይ ማጽደቂያ ደብዳቤውን ያያይዙ።

ቅጹ ውስጥ «ባለፉት ሦስት ወራት ያልተከፈለ የሕክምና ወጪ አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። «አዎ» ይበሉና ወራቱን ይጻፉ። በእነዚያ ወራት መስፈርቱን ያሟላ ከነበረ ሽፋኑ ወደኋላ ይሄድና የስትሮኩን ሂሳብ ሊይዘው ይችላል። ጥያቄው ባዶ ሲታለፍ ብዙ ሺህ ዶላር የቤተሰቡ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ከ2027 መጀመሪያ ወዲህ ይህ ጊዜ ለአካል ጉዳተኞች ወደ ሁለት ወር፣ በገቢ ብቻ ለሚገቡ ጎልማሶች ወደ አንድ ወር ስለሚያጥር አይዘግዩ። ሽፋኑ ሲከፈት ቁጥሩን ለሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል ሰጥተው ለሜዲኬይድ እንዲያስከፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ሥራ አያቆዩኝም። ሜዲኬይድ ስጠይቅ «አምስት ዓመት አልሞላህም» አሉኝ። ከእኔ በኋላ በጥገኝነት የመጣ ጓደኛዬ ግን አለው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አድልዎ ቢመስልም ሕጉ ነው። በግሪን ካርድ የገባ ጎልማሳ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ የሚቆጠረውም ግሪን ካርድ ካገኘበት ቀን ጀምሮ ነው። ስደተኛና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው መጠበቅ አልነበረበትም። ይህም ሊለወጥ ነው፦ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከመደበኛው የፌዴራል ሜዲኬይድ ይወጣሉ። ጓደኛዎ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ካላስገባ ዛሬ ይንገሩት። ሜሪላንድ ውስጥ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አምስት ዓመቱ አይመለከታቸውም።

ለኤስኤስአይ ከአምስቱ ዓመት በተጨማሪ 40 የሥራ ሩብ ዓመት (የአሥር ዓመት ያህል ሥራ) ይጠየቃል። የትዳር ጓደኛ በጋብቻው ዘመን የሠራው አብሮ ይቆጠራል። መሥራት ለማይችል ሰው 40 ሩብ የማይደረስበት ስለሆነ እውነተኛው መንገድ ዜግነት ነው፤ ዜጋ ሲሆኑ ሁለቱም ገደቦች ይወድቃሉ። ሕመሙ እንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርት እንዳይማሩ ካደረገዎት ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ቅጽ ከፈተናው ነፃ ያደርጋል። ቅጹ ውድቅ የሚሆነው በአብዛኛው «የሚጥል በሽታ አለበት» ብሎ ሲያቆም ነው። በሽታው ትውስታን ወይም ትኩረትን እንዴት እንደጎዳና ለምን መማር እንደከለከለ መገናኘት አለበት።

እስከዚያው ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም የድንገተኛ ሜዲኬይድ አለ። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ሆስፒታሎች የቤተሰብ ገቢው ከድህነት መለኪያው 200 በመቶ ለማይበልጥ ሰው አስፈላጊውን ሕክምና በነፃ እንዲሰጡ ያዛል። ማንም አስታውሶ እስኪነግርዎ አይጠብቁ፤ «የፋይናንስ እርዳታ ቅጽ» ብለው ይጠይቁ። ለመድኃኒቱና ለክትትሉ በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ኤስኤስአይ አለኝ። የእቁባችን ዳኛ ስለሆንኩ ገንዘቡ በእኔ ሂሳብ ያልፋል። በሜይ የራሴም ዕጣ ወጥቶልኝ 6,000 ዶላር ደረሰኝ። አሁን ኤስኤስአይ ቆመ፣ የተከፈለህን መልስም ተባልኩ። ሜዲኬይዴም ይቆማል ብዬ እሰጋለሁ። (ከሲያትል)

መልስ፦ እቁብ ለእኛ የቁጠባ መንገድ ነው፤ ለኤስኤስአይ ግን ሂሳብዎ ላይ የተቀመጠ ዶላር ነው። የንብረት ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ወዲህ ንቅንቅ አላለም። መሥሪያ ቤቱ የባንክ ሂሳብን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያያል፤ የሚመዝነውም በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያለውን ነው። ሜይ 20 የገባ ገንዘብ ጁን 1 ላይ እዚያው ካደረ የጁን ክፍያ በሙሉ ይሄዳል።

የእርስዎ ጉዳይ ሁለት ስለሆነ አይደባልቁት። በዳኝነት የያዙት የሌሎች ገንዘብ የእርስዎ ንብረት አይደለም፤ ሂሳቡ በስምዎ ስለሆነ ግን የእርስዎ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ የእርስዎ ሸክም ነው። የእቁቡን መዝገብ፣ የአባላቱን ዝርዝርና ፊርማ፣ ከእያንዳንዱ የገባበትንና ለባለ ዕጣው የወጣበትን የባንክ ወረቀት አቅርቡ። ከዚያ ዳኝነቱን ለሌላ ሰው ያስረክቡ፤ ኤስኤስአይ ያለው ሰው የእቁብ ገንዘብ ያዥ መሆን የለበትም። ወንድም ወይም ልጅ «ለምቾት» ያስገባዎት የጋራ ሂሳብም ጣጣው ያው ነው።

የራስዎ ዕጣ ሌላ ነው። ከ6,000ው ስንቱን አስቀድመው እንደከፈሉ፣ ስንቱን ገና እንደሚከፍሉ መዝገቡ ያሳይ፤ መመለስ ያለበት ብድር ገቢ አይደለምና ይህ ለክርክሩ ይጠቅማል። ሌላ ጊዜ ዕጣ ሲወጣ ወሩ ሳያልቅ ለራስዎ ያውሉት፦ ያደረ ኪራይ፣ የቤት ዕቃ፣ ለመጓጓዣ የሚያገለግል አንድ መኪና (ዋጋው አይቆጠርም)። ጉዳቱ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰው ኤብል የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሂሳብ መክፈት ይችላል፤ እዚያ ያለው እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ከ2026 በፊት የዕድሜው ገደብ 26 ስለነበረ ያኔ ተከልክለው ከሆነ አሁን እንደገና ይጠይቁ። ለእህት «ያዥልኝ» ብሎ መስጠት ግን ወጥመድ ነው፤ ያለ ዋጋ የተላለፈ ንብረት እስከ 36 ወር ከኤስኤስአይ ያስወጣል።

ደብዳቤው በደረሰዎት በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉ ክፍያው እስከ ውሳኔ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ካመለጠዎት 60 ቀኑ አለ። ዕዳው ጥፋትዎ ካልሆነና መክፈል ካልቻሉ ይቅር እንዲባል የሚጠይቀው ቅጽ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ሜዲኬይድን በተመለከተ፣ ኤስኤስአይ ስለቆመ ብቻ ሊዘጉት አይችሉም፤ ግዛቱ በሌላ በር መቀጠል ይችሉ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት አለበት። ዋሽንግተን ውስጥ በገቢ ብቻ የሚገባበት በር ስላለ፣ ሜዲኬር ከሌለዎትና ከ65 በታች ከሆኑ 6,000 ዶላሩ እዚያ አይጠየቅም። ከግዛቱ የሚመጣውን ፖስታ ግን በዕለቱ ይክፈቱ፤ ብዙ ሰው ሽፋኑን የሚያጣው መልስ ባለመላኩ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሴሬብራል ፖልሲ አለበት። የሁለታችን ደመወዝ በዛ ተብሎ ኤስኤስአይ ተከለከለ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ሚኒሶታ ቴፍራ የሚባል መንገድ አላት። በዚህ መንገድ የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የወላጅ ደመወዝ አይደለም። በካውንቲያችሁ አመልክቱ፤ አካል ጉዳቱን የግዛቱ የሕክምና ገምጋሚ ቡድን ይወስናል። ልጁ በተቋም ውስጥ የሚሰጥ ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ዋናው ነገር ነው። ያላችሁን የግል የጤና ኢንሹራንስ አትሰርዙ፤ ሜዲኬይዱ ከእሱ የተረፈውን ይሸፍናል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሜዲኬይድ አስፈላጊውን ፊዚዮቴራፒና ዊልቸር የመሸፈን ግዴታ ስላለበት «ይህ አይካተትም» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ይግባኝ በሉ።

ጥያቄ፦ ኤስኤስአይ ያላት እናቴ ለሁለት ወር አገር ቤት ብትሄድ ችግር አለው? (ከዴንቨር)

መልስ፦ አለው። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ኤስኤስአይው ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን እዚህ ካልቆየ አይቀጥልም። ከሦስት ሳምንት እስከ አራት ሳምንት የሚሆን ጉዞ ይሻላል። ከመሄዷ በፊት ለሶሻል ሴኪዩሪቲ የመሄጃና የመመለሻ ቀኗን ትንገር፤ ቲኬቱንና የፓስፖርት ማኅተሙን ታስቀምጥ። ሜዲኬይድ አዲስ አበባ ላይ አይከፍልምና የአንድ ወር መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፤ ፋርማሲው ቀን ሳይደርስ አልሰጥም ካለ ሐኪሟ ለጉዞ መሆኑን ጽፎ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅላት።