«አምኜ ልገላገል» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ጥብቅና ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ክስ የደረሳቸው ወጣቶች ቢሮዬ ሲመጡ አንድ ቃል ከአፋቸው አይጠፋም፤ «አምኜ ልገላገል»። ይህ ቃል ያስፈራኛል።

ቡና መጋዘን የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። ከባልደረባው ጋር ተደባደበና የሰውየው ክንድ ተሰበረ። «እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ያለው ሰው ነበር። አመነ። ቤቱ ግን አልገባም። እኔ ዘንድ ቤተሰቡ የመጣው ከተፈረደበት በኋላ ነው። ማረሚያ ቤት ሄጄ ሳነጋግረው፣ መጀመሪያ የተመታው እሱ ነበር። ራሱን ሲከላከል ነው የመታው። ይህን ለዳኛው አንድም ቃል አልተናገረም።

«ይግባኝ ይበሉልኝ ጋሼ» አለኝ።

የሠራንበት የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 ግን ግልጽ ነው። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። «አላጠፋሁም» ብሎ መከራከር አይችልም። ያንን ለልጁ ስነግረው ያየሁት ፊት እስካሁን ይመጣብኛል።

የጥፋተኝነት ድርድር የሚባል ነገር አለ። የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ያስተዋወቀው ነው። ተከሳሽና ዐቃቤ ሕግ ይነጋገራሉ፤ ተከሳሹ ያምናል፤ ክሱ ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል። በእውነት ላጠፋ ሰው መጥፎ መንገድ አይደለም። ተበዳዩም ለዓመታት ከመመላለስ ይድናል። ኮሪደር ላይ በጆሮ የሚነገር ተስፋ ግን ድርድር አይደለም። ዳኛውም አያውቀው፤ አያስገድደውም። ቃል የገባላችሁ ማነው? ሥልጣኑ አለው? በጽሑፍ ሰፍሯል? ጠበቃ አይቶታል? ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁና ፍትሕ ሊጓደልባችሁ ከሆነ፣ መንግሥት እንዲያቆምላችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይላል።

ቋንቋውንም አትናቁት። እዚህ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። ገበያ ዕቃ ስትገዙ የምትግባቡበት ኦሮምኛ ክስ ለመረዳት ላይበቃ ይችላል። አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አፍራችሁ፣ ባልገባችሁ ነገር «አዎ» አትበሉ።

ሌላው ብዙዎች የሚሳሳቱበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ነው። በመጨረሻ ውሳኔ ጥፋተኛ በተባለበት ወይም በነጻ በተለቀቀበት ወንጀል ማንም እንደገና አይከሰስም፣ አይቀጣም። ሱቅ የነበራት አንዲት ልጅ ይህን አንቀጽ ስልኳ ላይ አውጥታ አሳየችኝ። መዝገቧን ዐቃቤ ሕግ ክስ ሳይመሠርት በማስረጃ እጥረት ዘግቶት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስረጃ ተገኘ ተባለና ተከሰሰች። «አንዴ አልቋል እኮ!» አለች። እውነቷን ነው የመሰላት። ግን የተዘጋ መዝገብ ፍርድ አይደለም። «የመጨረሻ ውሳኔ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው ሁሉን የሚወስኑት። ዐቃቤ ሕግ በነጻ መለቀቅ ላይ ይግባኝ ሲልም ድጋሚ ክስ አይባልም፤ ውሳኔው ገና አልጸናማ። ተፈርዶባችሁ ስታበቁ ተበዳዩ ካሳ ቢጠይቅም አንቀጽ 23 አይከለክለውም። እሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ሽማግሌ አስታርቆን ነበር የሚለውም በግል አቤቱታ በሚያስቀጡ፣ ማለትም ተበዳዩ ካላመለከተ በማያስከስሱ ወንጀሎች እንጂ በሁሉም አይሠራም።

ፍርድ ካለ ግን ጋሻው እውነተኛ ነው። በጠብ ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ አንድ ልጅ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው ጠብ፣ በዚያው ተበዳይ፣ የወንጀሉ ስም ብቻ ተቀይሮ ተከሰሰ። የፍርዱ ግልባጭ እሱ ጋ የለም። እናቱ ግን አስቀምጠውት ኖሯል። ከቁርኣናቸው ጋር በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቢሮዬ ይዘውት መጡ። የክስ መቃወሚያ ጻፍኩ፤ ግልባጩን አያያዝኩ። ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አነበቡና መዝገቡን ዘጉት። እናትየው ወረቀቱን ተቀብለው እዚያው ችሎት በር ላይ እንደገና ጠቀለሉት።