አሜባ እየተባለ የሚታከም ሆድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሆዴን ከቆረጠኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ይነፋኛል፤ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እመላለሳለሁ። ከተጸዳዳሁ በኋላ ይቀልልኛል። በተመረመርኩ ቁጥር «አሜባ ነው» ተብዬ ኪኒን እወስዳለሁ፤ ለሳምንት ያህል ይሻለኝና ይመለስብኛል። ያደግሁት ጣና ውስጥ እየዋኘሁ ነው። ምኔን ነው የሚያመኝ?

መልስ፦ የገለጹልን ምልክት አይ ቢ ኤስ ከሚባለው የአንጀት ሕመም ጋር በጣም ይቀራረባል። በዚህ ሕመም አንጀት አይቆስልም፤ የሚታወከው አሠራሩ ነው። አንጀትና አንጎልን የሚያገናኘው ነርቭ ከልክ በላይ ስለሚነቃ ሌላው ሰው የማይሰማው ጥቂት ጋዝ ለእርስዎ ቁርጠት ይሆናል። ብዙዎችን የሚጀምራቸው ከአንድ ከባድ ተቅማጥ በኋላ ነው፤ ተህዋሲው ጠፍቶም የአንጀቱ መነቃቃት ይቀራል።

መለኪያው ግልጽ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ስድስት ወር የሞላው፣ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የተሰማ መሆን አለበት። በተጨማሪ ከሚከተሉት ሁለቱ ይፈለጋሉ፦ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የመጸዳዳት ብዛት መለወጡ፣ የሰገራው ቅጥነት ወይም ድርቀት መለወጡ።

ስለ አሜባው አጥብቀን የምንናገረው አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሚያሳምመው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኢንታሚባ ዲስፓር ሲስታቸው (በቅርፊት ተሸፍኖ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ተህዋሲ) አይለይም። «ሲስት ታየ» የሚል ወረቀት ብቻውን ሕመምዎን አያስረዳም። ከኪኒኑ በኋላ ያገኙት እፎይታም ማስረጃ አይሆንም፤ አይ ቢ ኤስ በራሱ ጊዜ የሚተውና የሚመለስ ሕመም ነው። ለአሜባ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል መደጋገም ደግሞ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያጠፋል።

ጣና ውስጥ ዋኝቶ ላደገ ሰው ግን ቢልሃርዝያ ሳይጣራ አይ ቢ ኤስ ነው ብለን አንደመድምም። ይህ ትል እንቁላሉን በየቀኑ እኩል ስለማይጥል አንድ ናሙና ያመልጠዋል። በተለያዩ ሦስት ቀናት ሰገራ ይስጡ፤ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ እንዲታይልዎትም ይጠይቁ። ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ይሰጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 600 ሚሊ ግራሙ አራት ፍሬ ይሆናል። ቸል ከተባለ ጉበት ይጎዳል። የደም ማነስና የኤች አይ ቪ ምርመራም ያድርጉ።

ሰገራዎ ደም ካለው፣ ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም ተቅማጡ ከሌሊት እንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ይህን ምክር ይተዉትና ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሂዱ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ሐኪምዎ ለቁርጠቱ ከምግብ 20 ደቂቃ በፊት የሚወሰድ ሜቤቨሪን፣ ለተቅማጡ ሎፐራማይድ ሊያዝልዎ ይችላል። ማታ 10 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ቢታዘዝልዎ አይደንግጡ፤ በዚህ መጠን የሚሰጠው የአንጀቱን ነርቭ ለማረጋጋት ነው።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፍላችሁ። ሐኪም አይ ቢ ኤስ ነው ብሎኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ጾሙን ልተው?

መልስ፦ መተው አያስፈልግዎትም፤ ማዕድዎን ይለውጡ። ሽሮ፣ ምስርና ሽንኩርት ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር አላቸው፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ ይብላላና ጋዝ ይሆናል። ምስሩን ዘፍዝፈው አሳድረው ይቀቅሉት፣ ውሃውን ደፍተው ከዚያ ይሥሩት። ሽሮ ውሃው ስለማይደፋ ይከብዳል፤ መጠኑን ይቀንሱ። የነጭ ሽንኩርቱ ስኳር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ውሃ ሳይገባ በዘይት ያቁላሉትና ፍሬውን አውጥተው ይጣሉት፣ ጣዕሙ ይቀራል። በቀይ ሽንኩርት ፈንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ክፍል ይጠቀሙ።

የጤፍ እንጀራ፣ የፎገራ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ጎመን ብዙዎችን ይስማማሉ። ዓሣ በጾም የሚበሉ ከሆነ ቆሮሶውን ከመጥበስ ይልቅ ቀቅለው ይብሉት፤ ዘይት አንጀትን ያጣድፋል። ከስንዴ ዳቦና ከማንጎ ይቆጠቡ። ዘጌ የቡና አገር መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም በቀን ከሦስት ሲኒ አይለፉ፣ በባዶ ሆድም አይጠጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገድፉ በትንሹ ጀምረው የቀረውን ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይብሉ።

ይህ ቁጥብነት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። ከዚያ አንድ በአንድ ይመልሱ፦ ለሦስት ቀን ምስር ብቻ፣ መጠኑን በየቀኑ እየጨመሩ። ካልነፋዎት ምስር ነጻ ነው፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሁለት ምግብ አብረው ከመለሱ የትኛው እንደነፋዎት አይለይም።

ጥያቄ፦ የእኔ ድርቀት ነው። እናቴ ተልባ፣ ጎረቤታችን ፉርሽካ ይላሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የእናትዎን ይስሙ። ፉርሽካ በአይ ቢ ኤስ ብዙ ጊዜ ቁርጠትና መነፋት ያባብሳል። የተፈጨ ተልባ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያድርሱት። ሁልጊዜ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይውሰዱት፤ ውሃ ያነሰው ተልባ ድርቀቱን ያባብሳል። ሌላ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ከተልባው አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ይዋጡት።