ትራይኮደርማ ለቡና ችግኝ ይጠቅማል ወይ? ለአጋሮዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አጋሮ አጠገብ ባለው ችግኝ ጣቢያሽ ገና የበቀለው ቡና ከአንገቱ እየቀጠነ ይወድቅብሻል። ማሳሽ ላይ ደግሞ ፍሬ የያዙ ዛፎች እየደረቁ ነው። አንድ ነጋዴ «ትራይኮደርማ የሚባል ዱቄት አለኝ፣ ሁለቱንም ያድናል» ብሎሻል። ልግዛ ወይ? ከፀረ ፈንገስ ኬሚካል ጋር ደባልቄስ ልርጨው? ነው ያልሽው።

እኔ ሰቃ ጨቆርሳ አካባቢ ችግኝ አፈላለሁ። ትራይኮደርማን ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፣ እተማመንበታለሁም። መልሴ ለችግኙ አዎ፣ ለደረቁት ዛፎች አይ ነው። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ትራይኮደርማ ራሱ ፈንገስ ነው። የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ባለበት አፈር ውስጥ ድሮም ይኖራል። የኛም የቡና አፈር አለው። ተመራማሪዎች ከጅማና ከሌሎች የደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃይ ቦታዎች፣ ከቡና ሥር ከተወሰደ አፈር ለይተው አውጥተውታል። በቤተ ሙከራም ቡና አድራቂውን ፈንገስ እንዳያድግ ሲያፍነው አይተዋል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ተአምር አድርገሽ አትዪው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ሥሩ አጠገብ ያለውን ቦታና ምግብ ቀድሞ ይይዛል። ጠላት ፈንገስ ሲያገኝ ክሩን ይጠመጠምበታል፣ የውጭ ግድግዳውን የሚያሟሟ ኢንዛይም ያወጣበታል፣ ከዚያ ውስጡን ይመገባል። ትራይኮደርማ ሌሎች ፈንገሶችን እንደሚያጠቃ እ.ኤ.አ. በ1932 ሪቻርድ ዋይንድሊንግ የሚባል ተመራማሪ ጽፎ አሳውቋል። እሱ ካጠናቸው ጠላቶች አንዱ ራይዞክቶኒያ የሚባል የአፈር ፈንገስ ነበር። ያንቺን ችግኝ ከአንገቱ ቆርጦ የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ራይዞክቶኒያ ነው። ከዚህ ሌላ ትራይኮደርማ ተክሉ የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ ያደርጋል፣ ሥሩም ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ይረዳዋል።

እንግዲህ ልብ በይ፣ ጥቅሙ ሁሉ «ቀድሞ» በሚለው ላይ ነው ያለው። ጠላት ሳይገባ ሥሩ አጠገብ መገኘት አለበት። በሽታው ግንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ዱቄት ብትነሰንሺ ገንዘብሽን መሬት ላይ እንደመበተን ነው። ነጋዴዎቹ ይህን አይናገሩም። በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ገበሬው አንዴ ተሞኝቶ ጥሩውን ነገር ጭምር ይጠላዋል።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ዱቄቱን በቀጥታ አፈር ላይ አልበትንም። መጀመሪያ ምግብ እሰጠዋለሁ። ለ100 ኪሎ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 1 ኪሎ ዱቄት በቂ ነው። ከቡና መፈልፈያ የሚወጣው ልጣጭ በደንብ ከበሰለ ግሩም ምግብ ይሆነዋል፤ ገና ትኩሳት ያለው ከሆነ ግን ፈንገሱን ይገድለዋል። እጅሽን ክምሩ ውስጥ አስገቢ። የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቂ።

ኮምፖስቱን አርጥቢው። ጨብጠሽ ስትለቂው የማይፈርስ፣ ውሃም የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ዱቄቱን ቀላቅለሽ ጥላ ሥር ከምሪው፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኚው። በየ3 እና 4 ቀኑ ገልብጪው። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። ጆንያውን ስትገልጪ መጀመሪያ የምታዪው ስስ ነጭ ድር ነው። ቆይቶ ድሩ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት እዚህም እዚያም ይወጣል። አንዳንዱ ዝርያ ጠጋ ብለሽ ብታሸቺው ኮኮናት ኮኮናት ይላል። ያንን ሽታ ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን አረንጓዴ ሻጋታ ሁሉ ትራይኮደርማ አይደለም። ሌሎች አረንጓዴዎችም አሉ፣ አንዳንዶቹም ለሳንባ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ እቤትሽ የሻገተ እንጀራ አይተሽ «ይኸው አገኘሁ» እንዳትዪ። ስትገለብጪም አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ከዚያ ሦስት እጅ የላይኛው አፈር፣ አንድ እጅ ከዚህ ኮምፖስት ቀላቅዪና ፕላስቲክ ቲዩቡን ሙዪ። ችግኙ ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ አንዴ እደግመዋለሁ፤ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ግርጌው ላይ፣ አመሻሽ ላይ። ፀሐይ አይወድም። የከተማ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክዳን በሌለው ባልዲ አሳድሪው፤ የዝናብ ውሃ ካለሽማ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ አድርገሽ መደቡን ጠዋት ማታ ውሃ የምታጠጪ ከሆነ ችግኙ መውደቁን አያቆምም። ዳሱ በጣም ጨለማ ከሆነ፣ ዘሩ ተጠጋግቶ ከተዘራ፣ ቲዩቡ ከታች ካልተበሳ ራይዞክቶኒያ ይመቸዋል። ጠዋት ብቻ አጠጪ፣ ሲመሽ የአፈሩ ገጽ ጠፈፍ ይበል። አምና የተጠቀምሽበትን አፈር መልሰሽ አትሙዪበት። እኔ ትልቁን ልዩነት ያየሁት ደከም ባለ አፈር ላይ ነው። ጥሩ የደን አፈር ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ጠባቂዎቹ እዚያው አሉ።

ስለ ኬሚካሉ፦ አብረሽ አትበጥብጪ። ካርቤንዳዚም የሚባለው ፀረ ፈንገስ ትራይኮደርማን ክፉኛ ይጎዳዋል። ሌሎቹም እንደየዓይነታቸው ያዳክሙታል። የግድ መርጨት ካለብሽ በመካከላቸው ሳምንታት ይለፉ። የጀርባ መርጫውም ያው ኬሚካል የተረጨበት ከሆነ በደንብ ይታጠብ፤ ባይሆን ለዚህ ሥራ የውሃ ማጠጫ ቆርቆሮ ተጠቀሚ።

አሁን ወደ ዛፎቹ ልምጣ። ከአንድ ወገን ጀምሮ ቅጠሉ እየጠወለገ፣ እየተጠቀለለ ከረገፈ፣ ግንዱን ከግርጌው በቢላ ላጥ አድርጊው። ከልጣጩ ሥር ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለ ነው። የታመመው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ታያለሽ። ይህ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ የሚባለው ቡና አድራቂ ፈንገስ ምልክት ነው። የውሃ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። መድኃኒት የለውም፣ ትራይኮደርማም አያድነውም። ዛፉን ከነሥሩ ነቅለሽ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ አቃጥዪው። እየጎተትሽ በማሳው መሃል አታሳልፊው፣ ለማገዶም ወደ ቤት አይሂድ። በሽታው የሚገባው በቁስል ነው። ሠራተኞች አረም በገጀራ ሲመነጥሩ ግንዱን ጫር ያደርጉታል፣ በዚያው ገጀራ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳሉ። ስለዚህ ግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል። የታመመ የነካ ገጀራ እሳት ላይ ለብለብ ይደረግ። ይህን እባክሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ አድርጊው፤ አንድ ዛፍ ዝም ሲባል ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቦታው ላይ ቶሎ መልሰሽ አትትከዪ። ስትተክዪ ግን ያኔ በትራይኮደርማ የታከመ ኮምፖስት ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር ትርጉም ይኖረዋል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ካለም መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሄደሽ ጠይቂ። ስትጠይቂ ስለ ግንዱ ማድረቅ መሆኑን ግልጽ አድርጊ። በ74 የሚጀምሩት ታዋቂዎቹ ዝርያዎች የተመረጡት ለቡና ፍሬ በሽታ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ፈንገስ ነው።

ስለ ማይኮራይዛም አንድ ነገር ልበልሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከትራይኮደርማ ጋር ያምታታዋል። ማይኮራይዛ ሥሩ ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚኖር ፈንገስ ነው። ክሩን አፈር ውስጥ ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣለታል። የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ ፎስፈረስን አስሮ ይይዛል፤ ለኛ ቡና ይህ ረዳት ትልቅ ነገር ነው። ግን ሕያው ሥር ከሌለ አይራባም። ለዚህ ነው በቆሎ ወይም ማሽላ ሥር ላይ የሚያራቡት። ጎመን ደግሞ ጨርሶ አያስጠጋውም፤ ጎመን ሲደጋገምበት ከኖረ ጓሮ የችግኝ አፈር አለመውሰድ ጥሩ ነው። ከብርብራ፣ ከዋንዛ ወይም ከሳሳ ሥር፣ ጤነኛ ቡና ካለበት ቦታ፣ ከነቀጫጭን ሥሩ ጥቂት እፍኝ አፈር ወስደሽ ብትቀላቅዪ ይበቃል። ጫካውን አትግፈፊው። ዛፍ ከደረቀበት ማሳ ደግሞ በፍጹም እንዳትወስጂ።

ለመግዛት ከወሰንሽ፣ ማሸጊያው ላይ የዝርያው ሙሉ ስም፣ በግራም ስንት ሕያው ዘር እንዳለው፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑር። አገር ውስጥ የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቂ። ሱቁ ቆርቆሮ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ከደረደረው አልፈሽ ሂጂ፤ የሞተ ዱቄት ነው የሚሸጥልሽ። ለባቄላና ለአኩሪ አተር የሚሸጠው ባዮ ማዳበሪያ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ባክቴሪያ ነው። የእንሰትና የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታዎችም ከባክቴሪያ ስለሆኑ «ለዚያም ይሆናል» የሚልሽን አትመኚው። መጀመሪያ በትንሽ ሞክሪ፦ 100 ቲዩብ በትራይኮደርማ፣ 100 ያለ ትራይኮደርማ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ውሃ። ከዚያ ቁጠሪ።

እናንተ ሰፈር ኦይስተር እንጉዳይ የሚያመርቱ ወጣቶች ካሉ፣ ክምሩን ከነሱ ቤት አርቂው። ለእንጉዳይ ትራይኮደርማ ቀንደኛ ጠላት ነው፣ ከረጢቱን በአጭር ጊዜ አረንጓዴ ያደርግባቸዋል።

የደረቀውን ዛፍ ግርጌ ልጠሽ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን፣ የወደቀውንም ችግኝ አንገት ቀረብ አድርገሽ። መስመሩ ከታየ ነገ ማለዳ ንቀላውን ጀምሪ።