«አንዱ ጠርቶኛል፣ ልቤ ግን ሌላው ጋ ነው»፦ የሥራ ቅጥር ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሁለት ፋብሪካዎች ሠራተኛ ስቀጥር አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ስለ ቅጥር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብል ከመጣው ጥያቄ ግማሹ አንድ ዓይነት ሆነ፦ አንድ ቦታ ጠርተውኛል፣ የምፈልገው ቦታ ግን ገና መልስ አልሰጠኝም። ከእሱ ልጀምር።

ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። አሁን አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ለስቶር ጸሐፊነት አልፈሻል፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጪን ብሎኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ባንክ ተፈትኜ ኢንተርቪውም ገብቻለሁ። ልቤ እዚያ ነው። ምን ላድርግ? (ከጠባሴ)

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ዓመት ሙሉ ቤት ለተቀመጠ ሰው ይሄ ጥሩ ጭንቀት ነው።

ዓርብ እስኪደርስ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ሁለት ቦታ ደውዪ። አንደኛው ባንኩ ነው። ቅርንጫፍ ሄደሽ ገንዘብ ከፋዩን ብትጠይቂው አያውቅም። የባንክ ቅጥር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ለኢንተርቪው የጠራሽን ስልክ ፈልጊና እንዲህ በይ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ በዚህ ቀን ለዚህ መደብ ኢንተርቪው የገባሁ እገሊት ነኝ። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስከ ዓርብ መልስ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። እናንተ ጋ መሥራት ስለምፈልግ ነው የደወልኩት፤ ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» በቃ። «ካልነገራችሁኝ ልሄድ ነው» የሚል ቃና አይኑረው። የሚነግሩሽ ቀን ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፋብሪካው ነው። «እስከ ማክሰኞ ጊዜ ይስጡኝ» በያቸው። ሰው ይህን ለመጠየቅ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም። እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ ሦስት አራት ቀን የጠየቀኝን ሰው ስከለክል አላስታውስም። ማስታወቂያ ለጥፌ፣ ማመልከቻ አገላብጬ፣ ፈትኜ የመረጥኩትን ሰው በሦስት ቀን ምክንያት አልጥለውም። የሚያናድደኝ ዓርብ «እሺ» ብሎ ሰኞ የሚጠፋው ነበር። ተጠባባቂዋን ስደውልላት እሷም በሳምንቱ ሌላ ቦታ ገብታለች። ሥራውን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ ማለት ነው።

ማክሰኞም ደርሶ ባንኩ ዝም ካለ ፋብሪካውን ያዢ። የኔ ምክር ይሄ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ግን ውሉን አንብቢ። «ሥልጠና ስለተሰጠኝ ይህን ያህል ዓመት ላገለግል፣ ካልሆነ ይህን ያህል ብር ልከፍል» የሚል አንቀጽ ካለ ብዕሩን አስቀምጪና ጠይቂ። እንዲህ ያለ ውል ላይ ፈርመሽ ባንክ መጠበቅ አይቻልም።

ገብቼ ብለቅስ? ሕጉ ምን ይላል? (ከደብረ ሲና)

በግል ድርጅት የምትሠሩ የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንተም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ፣ እነሱም ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል። የሙከራ ጊዜውን ከጨረስክ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ።

ልብ በል፣ የሥራ ቀን ነው የተባለው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን ወደ አሥር ሳምንት ይሆናል። «ሁለት ወር ሞላኝ» ብለው ቋሚ የሆኑ መስሏቸው የሚከራከሩ ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ የሙከራ ጊዜ የአሠሪ መሣሪያ ብቻ አይደለም። እሱ አንተን እየሞከረ አንተም እሱን እየሞከርክ ነው። በዚያ ጊዜ ብትለቅ ክህደት አይባልም። ግን ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቹ የሰው ሀብት ሰዎች እሑድ አንድ ቤት ቡና ይጠጣሉ። የጠፋህ ለታ ስምህ ከቡናው ጋር ይፈላል። ንገር፣ ከዚያ ሂድ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው? (ከእነዋሪ)

አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው፣ የሙከራ ጊዜውም የተለየ ነው። ከላይ ያለውን ወደዚያ አትውሰጂው።

አባቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እያለ ያስጨንቀኛል። እኔ ደግሞ አንዱንም ሳልይዝ እንዳልቀር ፈራሁ። (ከመሐል ሜዳ)

አባትህ ልክ ናቸው። ግን አንተ ገና አልወጣህም፣ ሁለቱን ዛፍ ከሥር ሆነህ እያየህ ነው። ሁለት ዛፍ መውጣት ማለት ለሁለቱም «እሺ፣ ሰኞ እጀምራለሁ» ማለት ነው። እሱን አታድርግ።

ሰው ሲተርት ልቤ የሚሄደው ወደ ራሴ ነውና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ መጋዘን እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ፈተነኝ። ኃላፊው በስልክ «አልፈሃል፣ ሰኞ ና» አለኝ። ዓርብ ለቀቅኩ። ሰኞ በጨለማ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ 130 ኪሎ ሜትሩን ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው የስም ዝርዝር ይዟል። ሁለት ጊዜ በጣቱ ወረደ። የለሁም። ያ ኃላፊ ሥልጠና ሄዷል፣ ቅጥሩም ቆሟል። ማታ ስመለስ የመጋዘኑ ቁልፍ ሌላ ሰው ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት ወር ጫጫ እህቴ ቤት ድንች ስቆፍር ከረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሰው የምለው አንድ ነው፦ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ እጅህ ሳይገባ ያለህን አትልቀቅ። ስልክ ደብዳቤ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የተላከ «ኮንግራ»ም ደብዳቤ አይደለም። መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሚጀመርበት ቀን ሦስቱም ይጻፍበት። ሥራ ጀምረህ የጽሑፍ ውል ካልተሰጠህም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ጽሑፍ ሊሰጥህ በሕግ ይገደዳል።

ኦሪጅናል ዲግሪሽን አስረክቢ እያሉኝ ነው። ልስጥ? (ከደብረ ብርሃን)

አትስጪ። ኦሪጅናሉን አሳዪ፣ ኮፒው ይመሳከርና ኮፒው ይቅር። ባንኩ ሲጠራሽ ኦሪጅናሉ ፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ በነጻ እጅሽ አትሄጂም። የግድ ካሉ ቀንና ስም ያለው የመረከቢያ ወረቀት አስፈርሚ።

አጎቴ ዋስ ሆኖኛል። ብለቅ እሱ ላይ ይመጣል? (ከዓለም ከተማ)

በመልቀቅህ ብቻ አይመጣበትም። ዋስትናው ብዙ ጊዜ ለምትረከበው ንብረትና ገንዘብ ነው። ስትለቅ ክሊራንስ ጨርስ፣ የዋስትናውንም ወረቀት መልሱልኝ በል። ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ገና ያልፈረማችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና የሚጸናው የገንዘቡ ልክ ሲጻፍ ነው። «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ» ተብሎ መጠን የሌለው ወረቀት ሲመጣላችሁ መጠኑ ይሞላ በሉ። አጎት በስንት መከራ ነው የሚገኘው።

ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ ሆኜ የምሠራበት ሥራ አለ። ደብረ ብርሃን የምጠብቀው ደመወዙ ይበልጣል። እንዴት ላወዳድር?

የተጻፈውን ደመወዝ ሳይሆን እጅሽ የሚገባውን አወዳድሪ። ግብር ይቀነሳል። ለጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ምሳ፣ ትራንስፖርት አለ። ሰርቪስ ያለው ድርጅት እና የሌለው አንድ አይደሉም። ምሳ ካንቲን በቅናሽ ካለ እሱንም ቁጠሪ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለሽ ጻፊው፣ በሐሳብ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቤት ሆኖ መሥራት እንደሚያዋጣ ወረቀቱ ያሳይሻል፤ ግን ደብረ ብርሃን ያለው ሥራ የሙያሽ ከሆነ ሁለት ዓመት መቸገር ያዋጣል ባይ ነኝ። ከሮቢት ሙቀት ለምትመጪው ደግሞ በመጀመሪያው ደመወዝ ጋቢ ግዢ። ቀልድ አይደለም።

ለባንኩ «ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ» ብዬ ብዋሽ ቶሎ ይጠሩኛል?

አይጠሩህም። «የት?» ቢሉህስ?

ፋብሪካ ገብቼ ወር ከአሥር ቀን ሆነኝ፤ ባንኩ ዛሬ ጠራኝ! አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ እንዴት ልንገራቸው? የሥራ ልምድስ ይሰጡኛል?

እሰይ! ደብዳቤው እጅሽ ገብቷል? ከገባ ነገ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጧጧፍ፣ በአካል ንገሪያቸው። በሰው አትላኪ፣ በሜሴጅም አይሁን። «የምጠብቀው ቦታ ነበር፣ መጣልኝ፣ ለሰጡኝ ዕድል አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ከዚያ ሁለት መስመር ማመልከቻ ጽፈሽ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብዪ። በሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆንሽ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግሽም፤ ባንኩ ቀን ከሰጠሽ ግን አንድ ሳምንት ቆይተሽ ለተተኪሽ አሳዪ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጠይቂ በነጻ ሊሰጡሽ ግዴታቸው ነው፤ የወር ከአሥር ቀንም ቢሆን ውሰጂው። ቀሪ ክፍያሽም በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

የስቶሩን መዝገብ ስታስረክቢ አንድ በአንድ አስቆጥሪና ፊርማ ተቀበዪ። ቱታውንም መልሺ። እኔ ቤት እስካሁን ካሠራኝ ድርጅት ያልመለስኩት አንድ ቱታ አለ፣ ባለቤቴ ወለል ትወለውልበታለች።