መልስ፦ የአያቴን ፖስትካርድ አልበም ላይ ልለጥፈው?

አቦ እንዳትለጥፈው! የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ያለበትን የአያትህን ካርድ ከውጭ ካሰባሰብካቸው ጋር በሙጫ ላጣብቀው ወይ፣ ዕድሜውንስ በምን ልወቅ ብለሃል። ዕድሜው የሚታወቀው ከጀርባው ነው፤ ሙጫ የሚያበላሸው ደግሞ እሱኑ ነው።

እስቲ ገልብጠው። መሃሉ ላይ መስመር ከሌለው፣ ጀርባው በሙሉ ለአድራሻ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ሰላምታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጣበው ይጽፉ ነበር። በመስመር ለሁለት የተከፈለውን ጀርባ (ግማሹ ለሰላምታ፣ ግማሹ ለአድራሻ) እንግሊዝ በ1902፣ አሜሪካ በ1907 እ.ኤ.አ. ፈቀዱ። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለሆነ፣ ያንተ መስመር ከሌለው ከቀደምቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የፖስታ ቤቱን ማህተም ግን በጥንቃቄ እየው፤ የሚነግርህ የተላከበትን ቀን እንጂ የታተመበትን አይደለም።

አቀማመጡ ላይ፣ ያ የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ በኛ ሙቀት ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ተራ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትተህ በጫማ ካርቶን አቁመው፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቀህ።

አዲስ ካርድ ከፈለግክ ፖስትክሮሲንግ የሚባል የፖስትካርድ መለዋወጫ ድረ ገጽ አለልህ፤ ለማታውቀው ሰው አንድ ስትልክ ከሌላ አገር ሌላ ሰው ይልክልሃል። አድራሻህ ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጻፍ እንዳትረሳ፣ ተራ ፖስታ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ አይመጣልህም።