ባለ አምስት ክር ቤዝ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ባሕር ዳር ሆቴልና ሰርግ ላይ ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ትጫወታለህ፤ አሁን ባለ አምስት ክር ተገኝቶልሃል። ባለ አራቱን ሸጬ ልቀይር ወይ ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም እያፈራረቅኩ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ድምፃዊህን እይ። ባለ አራቱ ቁልቁል ኢ የሚባለው ኖታ ላይ ያበቃል፤ ባለ አምስቱ ከሥሩ ቢ የሚባል ወፍራም ክር ይጨምራል። ትዝታውን በኢ ስትለማመዱ ከርማችሁ፣ መድረክ ላይ ድምፃዊው ጉሮሮውን እየነካካ «ዛሬ ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ቢልህስ? ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ (ሁሉንም ድምፅ የሚያወርድ ቁልፍ) ተጭኖ ይገላገላል። (አይ ኪቦርዲስት! ሁሌም የተመቸው እሱ ነው።) አንተ ግን ያ ወፍራም ኢ ከእጅህ ወጣ። ኢ ፍላትን (ከኢ በግማሽ ዝቅ ያለውን) የምታገኘው ኤ ክር ስድስተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ነው፤ ያውም አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ፣ ቀጥኖ። ባለ አምስቱ ላይ ቢ ክር አራተኛ ፍሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ዲ ሦስተኛው፣ ሲ አንደኛው ላይ ነው። ድምፃዊህ በየምሽቱ ኪይ (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) የሚቀያይር ከሆነ ባለ አምስቱ እፎይ ያሰኝሃል። ዘፈኖቻችሁ በኢ፣ በጂ፣ በኤ የሚያልቁ ከሆነ ግን አምስተኛው ክር የአውራ ጣት ማሳረፊያ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው ነገር አምፕህ (ድምፅ ማጉያህ) ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ባዶው (በጣት ያልተያዘው) ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ቢ ደግሞ ወደ 31 ይወርዳል። ትንሽ ባለ አንድ ስፒከር አምፕ ያንን በወጉ አያወጣውም። በዚያ ላይ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ሜዳ ላይ ስትጫወት ድምፁን የሚመልስልህ ግድግዳ የለም። አዳራሽ ውስጥ ደረት የሚመታው ቤዝ እዚያ በኖ ይጠፋል። ሳውንድ የያዘው ልጅ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ካላመጣ፣ ለቢ ክር ያወጣኸውን ብር ሰርገኛው አይሰማልህም። ኪቦርዲስቱም በግራ እጁ ታች ድረስ የሚወርድ ዓይነት ከሆነ፣ ከድራሙ ኪክ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) ጋር ተደባልቆ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ እጁን ከፍ እንዲያደርግ ተነጋገሩ።

እጅህ ይለምደዋል፤ እሱ አያስጨንቅህ። በክሮቹ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል፣ አንገቱ ይሰፋል። የሚያስቸግረው ማፈኑ፣ የማትመታውን ክር ዝም ማሰኘቱ ነው። ሳትነካው ቢ ክር ራሱ ይንቀጠቀጣል። ላይኞቹን ክሮች ስትመታ የቀኝ አውራ ጣትህን ቢ ላይ አሳርፈው። እስክስታ ሲሞቅ ይህን ከረሳህ ሁሉም ነገር ይድበሰበሳል።

ብር ሳታወጣ መሞከር ትችላለህ። የባለ አራቱን ኢ ክር ወደ ዲ አውርደህ ጥቂት ሥራ ሥራበት። በዚያ ክር ላይ ጣትህ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ ዲ ይበቃሃል። አልበቃ ካለህ ያኔ በእርግጥ ባለ አምስት ያስፈልግሃል ማለት ነው። ባለ ስድስቱን ለጊዜው ተወው፤ የሚጨምርልህ ከላይ ሲ ክር ነው፤ ለሶሎና ለኮርድ እንጂ ለሰርግ ጭፈራ አይደለም።

ልትገዛ ስትሄድ የራስህን አምፕ ይዘህ ሂድ። ቢ ክርን ከባዶው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አንድ በአንድ ምታው። ልል ሆኖ የሚንገጫገጭ ከሆነ ክሩ አርጅቶ ወይም አንገቱ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ክር ሳይገባበት ዋጋ አትቁረጥ። አንዳንዱ ባለ አምስት ከተለመደው የ34 ኢንች የክር ርዝመት ይልቅ በ 35 ኢንች የሚሠራው ቢ ክር እንዲወጠር ነው፤ ስለዚህ በሜትር ለካው። መለዋወጫ ክሩንም አብረህ ጠይቅ። እዚህ ካጣኸው አዲስ አበባ ያለ ሰው እስኪልክልህ ቅዳሜ ያልፋል።

ባለ አራቱን ግን አሁን አትሽጠው። የጥር ሰርግ ይለፍና በአዲሱ ስንት ሥራ እንደሠራህ አይተህ ትወስናለህ።