ውሉ ተጣሰ ወይስ ጠበበን?

ጥያቄ፦ «የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ከአንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት ጋር በወር 18 ሺህ ብር ስንዋዋል አንድ መጋዘንና 6 ኮምፒውተሮች ነበሩን። ዛሬ አዳማና ሐዋሳ ቅርንጫፍ ከፍተን ኮምፒውተሮቹ 30 ደርሰዋል። ሲስተም ሲቆም ባለሙያ የሚመጣው በሁለተኛው፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን ነው። ሰኔ ላይ ሰርቨሩ ተቃጥሎ ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ሲከፈት የአራት ወር የቆየ ሆኖ ተገኘ፤ እነሱ ‹መብራቱ ነው ያቃጠለው› ይላሉ። ውሉ ጥቅምት 30 ያበቃል። ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተነገረ ግን ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ልጄ ‹ነገውኑ አሰናብቻቸው› ይለኛል፤ እኔም የሁለት ወር ክፍያቸውን ይዣለሁ። አሁኑኑ ላፍርሰው ወይስ እስከ መስከረም ላስብበት?» — ወ/ሮ ጽ.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወይዘሮ ጽ.፣ እስከ መስከረም ጊዜ የለዎትም። ከጥቅምት 30 ወደ ኋላ 60 ቀን ሲቆጠር ጥቅምትም መስከረምም ሙሉ በሙሉ ያልቁና ቀኑ የጳጉሜን መጨረሻ ላይ ያርፋል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው፤ በዚያን ቀን ደብዳቤ ተቀብሎ ማኅተም የሚመታልዎ ሰው ቢሮ ውስጥ አያገኙም። ስለዚህ ነሐሴ ሳያልቅ «ውሉ ጥቅምት 30 ሲያበቃ አይታደስም» የሚል አጭር ደብዳቤ በእጅ ያስገቡና ቅጂው ላይ አስፈርመው ይያዙ። ወቀሳም ምክንያትም አይጻፍበት። ይህን በማድረግዎ ከድርጅቱ ጋር ተቆራረጡ ማለት አይደለም፤ ከፈለጉ ኅዳር 1 ቀን በአዲስ ውል ይቀጥላሉ። ካልጻፉ ግን ለሌላ አንድ ዓመት ታሰሩ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የላኩልኝን ውል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሬትዎን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተውታል፤ ሕጉ ግን ለይቶ ነው የሚያየው። አንዱ ወገን ድርጅቱ ቃል ገብቶ ያልፈጸመው ነው። ሌላው ድርጅቱ ቃል ያልገባው፣ እርስዎ ግን ዛሬ የሚያስፈልግዎት ነው። ለመጀመሪያው ፍርድ ቤት መፍትሔ ይሰጣል። ለሁለተኛው መፍትሔው ድርድር ወይም ስንብት ብቻ ነው።

የባለሙያው መዘግየት፣ ቢያናድድም፣ ከሁለተኛው ወገን ነው። ውሉ የሚለው «በተቻለ ፍጥነት ድጋፍ ይሰጣል» ነው፤ ሰዓት አልተጻፈም። ከውሉ ጋር የተያያዘው ዝርዝር ደግሞ ዛሬም 6 ኮምፒውተሮችን ብቻ ይዟል። አዳማና ሐዋሳ በወረቀቱ ላይ የሉም። እንዲያውም ድርጅቱ «ያልተዋዋልኩበትን 24 ኮምፒውተር በነጻ ሳገለግል ኖሬያለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። ድርጅትዎ ሲያድግ ውሉ አብሮ አላደገም፤ በየዓመቱ እየታደሰ ሲሄድ ዝርዝሩን ገልጦ ያየ አልነበረም።

ባክአፑ ግን ሌላ ነው። ውሉ «በየዕለቱ የመረጃ ቅጂ ይይዛል፣ በየወሩ መሥራቱን ያረጋግጣል» ይላል። የአራት ወር ክፍተት ማለት ቢያንስ ሦስት ወርኃዊ ማረጋገጫ አልተደረገም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ግልጽ ጥሰት ነው። «መብራቱ ነው» የሚለው መከላከያም አያስኬዳቸውም። በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚባለው፣ አስቀድሞ ሊገመት የማይችልና መፈጸምን ፍጹም የሚያግድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት መሄዱንና ሲመለስ ዕቃ ማቃጠሉን አልገመትኩም የሚል የኮምፒውተር ባለሙያ ዳኛ ፊት ሊቆም የሚችል አይመስለኝም። ደግሞስ መብራቱ ሰርቨሩን አቃጠለ እንበል፣ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን ባክአፕ ማን ከለከላቸው?

እንግዲያው ውሉን ዛሬ ማፍረስ ይቻላል? በመርህ ደረጃ መንገድ አለ። ቁጥር 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ በቁጥር 1774 ደግሞ ቀነ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ቀኑ አልፎ ድርጅቱ ካልፈጸመ ቁጥር 1787 ውሉን እንዲያፈርሱ ይፈቅድልዎታል። ሆኖም ቁጥር 1785 የተጣሰው መሠረታዊ የውል ቃል ካልሆነ ውል እንዲፈርስ አይፈልግም፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ይነሳል። ውልዎ ሊያበቃ የቀረው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ክሱ ቀጠሮ ሳይያዝለት ውሉ በራሱ ይሞታል። ስለዚህ አያፍርሱት፤ ጊዜው ሲደርስ ይለቅ። የጠፋብዎትን ኪሳራ የመጠየቅ መብትዎ ውሉ ስላበቃ አይቀርም፤ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው።

ከመጀመሪያው ደብዳቤ የተለየ፣ ስለ ባክአፑ ብቻ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ግን ይጻፉ፤ በ15 ቀን ውስጥ የዕለቱ ቅጂ እንዲጀመርና አንድ ፋይል በእርስዎ ፊት መልሰው ከፍተው እንዲያሳዩ። «አለ» ማለታቸው አይበቃም፣ ይክፈቱት። ከዚህ በፊት «ስንት ጊዜ ደወልኩ» ይላሉ፤ ስልክ ዱካ አይተውም። በቴሌግራም የጻፉላቸው ካለ አይሰርዙት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል።

ኪሳራውን በተመለከተ የጠፋውን የአራት ወር ደረሰኝ ሲስተሙ ውስጥ መልሰው ላስገቡት ልጆች የከፈሉት ገንዘብ ሰነድ ካለው የሚያከራክር አይደለም። «ደንበኛ ሸሸኝ» የሚለው ግን ከባድ ነው፤ በቁጥር 1799 መነሻው እንዲህ ያለ ጥሰት በተለምዶ የሚያደርሰው ጉዳት ነውና። በቁጥር 1802 ደግሞ ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለውን ማድረግ የእርስዎም ግዴታ ነው። ለዚህ ሲባል እንኳ ዛሬውኑ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝተው የራስዎን ቅጂ ይያዙ።

የያዙትን ክፍያ በተመለከተ አልስማማም። ቁጥር 1757 ራሱ ያልፈጸመ ወገን ሌላውን ፈጽም ማለት እንደማይችል ይናገራል፤ ይህ ግን ለሁለታችሁም ይሠራል። አሁን ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው፤ እርስዎ የሁለቱን ወር ክፍያ እንደያዙ ከቆዩ ግን «ስላልተከፈለን ነው» የሚል ሰበብ በእጃቸው ያስቀምጣሉ። የባክአፑ ድርሻ ተለይቶ የሚታወቅ ከሆነ ያንን ብቻ ይያዙ፣ ካልሆነ «የኪሳራ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው ጽፈው ይክፈሉ።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ሌሊት ተነስቶ ፓስወርድ እንዳይቀይር። ንብረቱ የእናንተ ቢሆንም፣ ውሉ ሳያበቃ መግቢያውን ከዘጋ «ሥራችንን ከለከሉን» ይላሉ። ይልቅ የሰርቨሩ፣ የራውተሩ፣ የኢሜይሉና የሲስተሙ ዋና መግቢያ በጽሑፍ ተዘርዝሮ እንዲሰጣችሁ አሁን ይጠይቁ። የድረ ገጻችሁ ስም በማን እንደተመዘገበም ያጣሩ፤ በቴክኒሺያኑ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ የተገኘበት ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ገጥሞኛል። ከጥቅምት 30 በኋላ ግን መግቢያውን ሁሉ መቀየር አለባችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለፈቃድ የሚገባ ሰው ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚታይ ነው። በፖሊስ ማስፈራራት ግን አልመክርም፣ ቁልፉን ሳይቀበሉ ሰው አይቆጣም።

በሲስተሙ ውስጥ የፋርማሲ ባለቤቶችና የሠራተኞችዎ ስምና ስልክ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መረጃ ለሌላ ድርጅት ማስያዝዎ ብቻ ኃላፊነቱን ከትከሻዎ አያወርደውም። ስለዚህ ሲለያዩ የያዙትን አስረክበው የቀረውን ማጥፋታቸውን በፊርማ ያረጋግጡልዎ።

ከእነሱ ጋርም ሆነ ከሌላ ጋር ሲዋዋሉ «በተቻለ ፍጥነት» የሚለውን ሰርዘው ሰዓት ያስገቡ፦ ሽያጭ ሲቆም በስንት ሰዓት፣ አንድ ፕሪንተር ሲበላሽ በስንት ሰዓት፣ ሐዋሳ ከሆነስ በስንት። ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር የሚከፈለውን መቀጫም ቁጥር 1889 አስቀድመው እንዲስማሙበት ይፈቅዳል። የዕቃ ዝርዝሩ ቅርንጫፍ ሲከፈት ወዲያው የሚሻሻል ይሁን። የሽያጭ ሲስተሙ አንድ ቀን ሲቆም ምን ያህል እንደሚያጡም በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው በቁጥር 1801 መሠረት ለሰፋው ጉዳትም ይጠየቃል። ዋጋው ከ18 ሺህ ብር ከፍ ይላል፣ በዚህ አይደንግጡ። ለ30 ኮምፒውተሮችና ለሦስት ከተሞች የሚከፍሉት ዛሬም የ6 ኮምፒውተር ዋጋ ነው።